የጋውን ለባሹ ግዝት

ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። የምጽፈው ቀጥ ብሎ ካልሄደ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ካልታገሠኝም ይተወው። የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው። እናቴ ከልጄ ጋር እንዳታወራ አፏን የዘጋ ሰው አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሥራዬ ቀርከሃ ነው። ቆሰበር መግቢያ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቀርከሃ ሰንጥቄ ወንበርና መደርደሪያ እሠራለሁ። እንጅባራ የሚሉት በመኪና የሚያልፉት ናቸው፤ እኛ እድሜያችን የገፋው ቆሰበር ነው የምንለው። ሚስቴ የዳንግላ ልጅ ናት፤ አገውኛ አትሰማም። እናቴ አገውኛ ብቻ ናት፤ አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም። እኔ በመካከላቸው አስተርጓሚ ሆኜ ኖርኩ። ሲጣሉ እንኳ ስድቡን የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ግማሹን መንገድ ላይ እየጣልኩ።

ልጃችን ሲጠሩት አይዞርም ነበር። ጆሮው ደህና ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ከሁላችን ቀድሞ ይሰማል። ስሙን ስንጠራው ግን እንደ ሌላ ሰው ስም ያልፈዋል። ቃል የለውም። የቀርከሃ ቀለበት ከእጄ ወስዶ መሬት ላይ ያሽከረክራል፣ ሲወድቅ ያነሣል፣ ደግሞ ያሽከረክራል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ አንዱ በእርግዝናዋ ደንግጣ ነው አለ፤ አንዱ ደግሞ፣ እሱ እንኳ ወዳጄ ነው፣ «የአንተን ጠባይ ወርሶ ነው፤ አንተስ ሰላምታ ትመልሳለህ ወይ?» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅሁም።

ከእናቴ ጋር ሌላ ልጅ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ አፏ ከእጇ ጋር ይሄዳል። ለማንም አይደለም የምታወራው። ስለ ላሟ፣ ስለ ሟች እኅቷ፣ ስለ ጎረቤት አጥር፣ ስለ ጉም፤ ብቻ ታወራለች። ልጁ ያን ድምፅ ሲሰማ ቀለበቱን ጥሎ ይመጣና ጀርባውን ለጀርባዋ ሰጥቶ ይቀመጣል። ፊቷን አያይም። ዓይኑን ከደን ያደርጋል። ድምፁ በጆሮው ሳይሆን በጀርባው የሚገባ ይመስል ነበር። ዝም ካለች በመዳፉ ጀርባዋን ይመታል፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ያኔ ትቀጥላለች። አንዳንዴ እሱም ከጉሮሮው ያንጎራጉራል፤ ቃል አይደለም፣ ግን የእሷን አነጋገር ዜማ ይዞ ይወጣል ይወርዳል። ሚስቴ ይህን ስታይ ታለቅስ ነበር፤ ደስ ብሏትም ከፍቷትም። እናት ነቻ፤ የሷ ጀርባ ለምን እንዳልሆነ ታስባለች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ከተማው ትምህርት ቤት ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች አንድ ክፍል ተከፈተ፤ ሥልጠና የወሰደ ወጣት ባለሙያም መጣ። ነጭ ጋውን ይለብሳል። ንጹሕ አማርኛ ይናገራል፤ እንደ ሬዲዮ። ልጄ ያለበት ነገር ኦቲዝም እንደሚባል የነገረን እሱ ነው። እርግማን አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ አእምሮው ነገርን የሚቀበልበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ነው አለን። ለዚህ ቃሉ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሚስቴ ያን ቀን ስትወጣ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

ያስተማረንም ብዙ ነው። ውኃ ሲፈልግ ዝም ብለን እንዳንሰጠው፣ ጣሳውን ከዓይናችን አጠገብ ይዘን እንድንጠብቅ፣ ሲያየን «ውኃ» ብለን እንድንሰጠው። ሲረበሽ ባቄላ የተሞላ ከረጢት ጭኑ ላይ እንድናደርግ፤ ክብደቱ ያረጋጋዋል። በብርድ ልብስ አስተኝተን፣ እኔና እናቱ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንድናወዛውዘው። የሥዕል ካርድም ሰጠን፤ ላም፣ ቤት፣ ዳቦ፣ ከሥሩ በትልቁ ስሙ ተጽፎ። የጎልማሶች ትምህርት የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው፤ ከሰሌዳው ይልቅ ያስነበበኝ ያ ካርድ ነው። ካርዱ የልጄ ነበር፤ ፊደል የለየሁት እኔ ሆንኩ። እሱ የካርዱን ጠርዝ እየላሰ አዙሮ ያስቀምጠዋል።

አንድ ቀን ባለሙያው አያትየዋንም ይዛችሁ ኑ አለን። በባጃጅ ወሰድኳት። ነጠላዋን አጥባ ነው የሄደችው፤ ለእሷ ቤተ ክርስቲያን እንደመሄድ ነው። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደምናወራ ጠየቀኝ። በሁለት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አንዱን እንኳ ላልያዘ ልጅ ሁለት መጫን ግራ ያጋባዋል፣ እዚህ ከተማ የሚማረው በአማርኛ ነው፣ አገውኛው ይቅርበት አለ። እናቴስ ምን ትሁን አልኩት። በአማርኛ ያውሩት፣ ካልቻሉም ዝም ቢሉ ይሻላል አለኝ። እኔ ደስ አላለኝም። ይህቺ ሴት ዝም ብላ አታውቅም ብዬ ተከራከርኩ። ሚስቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ የተማረ ሰው ነው፣ ተወው።

ከዚያ ልጁን ጠጋ አደረገና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ወደ እናቴ ዞሮ እንዲህ አለ፦

«እማማ፣ በዚያ ቋንቋ ልጁን እንዳያነጋግሩት። ይጎዳዋል። ቃል ይግቡልኝ።»

አስተረጎምኩላት። እናቴ ነጩን ጋውን አየች፤ ልጁ ራስ ላይ ያለውን እጅ አየች። ተነሣች፣ ነጠላዋን አደገደገች፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እሱ ሰላምታ መስሎት «ኧረ አይነሡ እማማ፣ አይነሡ» አለ። እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም። ኮረኮንቹ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፉ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ አፏ ግን ተዘግቷል። ልጁ መጣ። ጀርባውን ሰጣት። ጠበቀ። በመዳፉ አንኳኳ። እናቴ ባቄላውን ትፈለፍላለች፤ እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል፤ አፏ አልተከፈተም። ደግሞ አንኳኳ። ወደ ቀርከሃው ግቢ ጠራኋትና ምን ሆነሻል አልኳት። ልጁ እንደማይሰማን ዞር ብላ ካየች በኋላ በሹክሹክታ «ገዝቶኛል» አለችኝ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ጋ ካህን በግዝት ያሰረውን ነገር ሰው አያፈርስም። አጥር እንዳትገፋ ተብሎ የተገዘተ ሰው፣ አጥሩ ራሱ ቢወድቅ አያነሣውም። ደግሞም ያሰረው ራሱ ካልፈታው ሌላ አይፈታውም። እናቴ ያን ቀን የሰማችው የባለሙያ ምክር አልነበረም። ነጭ የለበሰ ሰው፣ በሕፃን ራስ ላይ እጁን ጭኖ፣ አፍሽን ያዢ፣ ያለዚያ ልጁ ይጎዳል ብሎ ገዘታት። የልጁ ነገር መያዣ ሆኖባት እንዴት ታፍርስ?

በአማርኛ ሞክራ ነበር፤ ባትሞክር ምናለ። «ና። ብላ። ስንት? ተው።» የምታውቀው የገበያውን ነው። ለልጅ ልጇ ጨው እንደሚገዛ ሰው ነበር የምታወራው። ልጁ ያን ድምፅ አላወቀውም፤ ዜማው የለበትም። እሷም አፈረችና ተወችው። ልጁ ቤት ውስጥ ካለ ጎረቤት እንኳ ሲመጣ በእጇ ነው የምትመልሰው፤ እንዳይሰማ። ልጁ ደግሞ ሁሌ ቤት ውስጥ ነው። ሴትዮዋ በቁሟ ተቀበረች ማለት ነው። ሚስቴ መጀመሪያ ላይ «አሁን ገና በቤቴ የሚወራውን ሁሉ ሰማሁ» ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ የሚወራ ነገር ስለሌለ።

ልጁ ብዙ ጊዜ አንኳኳ። ከዚያ ጠንከር አድርጎ መምታት ጀመረ። ከዚያ የራሱን ራስ ከግድግዳ ጋር ማላተም ጀመረ፤ የባቄላውን ከረጢት እያመጣን ጭኑ ላይ እናደርጋለን። ከዚያ ተወ። ወደ ደጃፉ መሄዱን ተወ። ቀለበቱን ይዞ ማእዘን ገባ። ማንጎራጎሩም ቀረ። ለባለሙያው ስንነግረው፣ ለውጥ ሲመጣ መጀመሪያ ይከብዳል፣ በርቱ አለን። በረታን። የድሀ ብርታት ምን ይጎድለዋል።

በዓመቱ ሰውየው ወደ ቻግኒ ተዛወረ። ክፍሉ የተሰበረ ዴስክ ማስቀመጫ ሆነ። ሁሉም ነገር ሄደ፤ ምክሩ ግን አልተዛወረም፤ እኛ ቤት ተቀምጦ ቀረ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ሥራ የሌለበት ጊዜም መጣ፤ ሁሉም ሰው ቤቱን ዘግቶ ሲቀመጥ ሌላው ቤት ቢያንስ ወሬ ነበረ። በኋላ መንገዱ ሲከፈት የሚስቴ እኅት ከዳንግላ ደወለች፤ ሕፃናትን የምታይ የንግግር ባለሙያ እዚያ መጥታለች፣ አምጡት አለች። በሚኒባስ ወሰድነው። ልጁ እስኪደርስ ጮኸ። አንዱ ተሳፋሪ ልጅህን መክረው አለኝ። አንተን ማን ይምከርህ አልኩት።

ሴትዮዋ ጋውን የላትም። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ልጄ ቀለበቱን ሲያሽከረክር እሷም ሌላ ቀለበት አንሥታ አብራው አሽከረከረች። ብዙ ቆዩ። አንዴ ቀና ብሎ እጇን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ከማን ጋር ነው የሚረጋጋው?»

«ከእናቴ ጋር ነበር።»

«ነበር ማለት?»

ነገርኳት። ጀርባውን፣ መዳፉን፣ ጋውኑን፣ ግዝቱን። ስጨርስ ፊቷ ተለውጦ ነበር። ተሳስቷል አለችኝ በቀጥታ። ይህ ምክር ድሮ በየቦታው ይሰጥ ነበር፣ ዛሬም የሚሰጥ አለ፣ ግን ልክ አይደለም፤ ልጅ እንደ ማሰሮ ሞልቶ አይፈስም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ በሁለት ቋንቋ አይጎዳም፤ የሚጎዳው የሚወደው ሰው ዝም ሲለው ነው። እናቴ እንደ ድሮዋ ታውራ፣ ትምህርት አታድርጉት፣ አይዞርም ብላችሁ ፊቱን አታዙሩት፣ ጀርባውን ከሰጣት ጀርባዋን ትስጠው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእናትህ አፏን መልስላት» አለችኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሚስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ጥርሴን ነው ያፋጨሁት። ቤት እንደገባሁ እናቴን ወደ ግቢው ወስጄ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በመጨረሻ ያለችው ግን ይህን ነው፦

«ያቺ መች አሰረችኝና ትፈታኛለች?»

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ምክር ነው እንጂ ግዝት አይደለም አልኳት። እሱ እጁን ሲጭን አንተ ቆመህ አላየህም ወይ አለችኝ። የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸው እንኳ ቢፈቷት ብዬ። ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጡኝና «እኔ የሐኪም ግዝት አልተማርኩም ልጄ» አሉኝ። ቤት ድረስ መጥተው ግን ነገሯት፤ ይህ ግዝት አይባልም፣ ተናገሪ አሏት። እጃቸውን ተሳልማ በትሕትና መለሰችላቸው፤ እርስዎ አላሰሩኝም፣ ቢሆንስ እርስዎ ተሳስተው ልጁ ቢጎዳ በማን ይፈረዳል? ቄሱ ወጡ። በሩ ላይ ሆነው በጆሮዬ፣ ሰውየውን ብታመጣው ይሻላል አሉኝ።

ቻግኒ ወረድኩ። ቆላ ነው፤ የደጋ ልብሴ አስላበኝ። ሰውየው አሁን ልጅ አያይም፤ ቢሮ ነው፣ ወንበር ላይ ነው። ወፍሯል። አላስታወሰኝም። ጉዳዬን ስነግረው፦

«ጋሼ፣ እኔ ይተዉ አላልኩም። ይቀንሱ ነው ያልኩት።»

«ያስተረጎምኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

ያኔ የሠለጠንነው እንደዚያ ነበር አለ። ዕውቀት ይለወጣል አለ። ዕውቀቱ ሲለወጥ ለእናቴ የነገራት የለም አልኩት። ቆሰበር ድረስ መጥተህ ራስህ ፍታት አልኩት። ሥራ አለብኝ፣ መንገዱም እንደምታየው ነው፣ በስልክ ልንገራቸው አለ። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሞ ሞከረ፤ የለም። ትከሻውን ሰበቀ፤ በቃ የተቻለውን አድርጓል። ያን ጊዜ መሬት መሬት እያየሁ፣ እሱ የማይሰማኝ መስሎኝ፣ በአገውኛ አባቱን ሰደብኩት። ዋዛ ስድብ አልነበረም።

ቀና ስል ፊቱ ጠቁሯል። አገውኛ የማይሰማ ሰው በአገውኛ ሲሰደብ ፊቱ አይጠቁርም።

«ሰምተሃል» አልኩት፣ በአገውኛው።

በአገውኛ መለሰልኝ፤ እንደ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ቃል እየፈለገ፣ እየተደናቀፈ። አባቱ ከአዘና በኩል ከገጠር ወጥቶ ከተማ ሲቀጠር ቤት ውስጥ አገውኛ እንዳይነገር ከልክሎ ነበር አለኝ። ልጆቼ እንዳይሳቅባቸው ብሎ። አያቱ እነሱ ዘንድ ሲመጡ ከልጆቹ ጋር በጥቅሻ ነበር የሚያወሩት። የቀረውን በአማርኛ ነው የጨረሰው፤ አገውኛው አለቀበት። «አባቴም ለእኔው ብሎ ነው» አለኝ።

ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። አላሳዘነኝም። በውስጤ የነደደው ሌላ ነው፤ ያን ቀን እናቴ ፊት አስተርጓሚ አቁሞ የከለከለው ራሱ የሚሰማውን ቋንቋ ነው። «በዚያ ቋንቋ» ያለው የአያቱን ቋንቋ ነው። ይህንኑ ነገርኩት፤ ሳልቀንስ። ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሣና፣ እሑድ እመጣለሁ አለኝ። አላመንኩትም። መጣ።

እናቴ ገና በበሩ ሲገባ አወቀችው። መጀመሪያ ያለችኝ «ጋውኑስ?» ነው። ጋውን የለውም አልኳት። ቅር አላት፤ በምን ሊፈታኝ ነው የሚል ፊት። እሱ ወደ ልጁ ሄደና እንደዚያ ቀን እጁን ራሱ ላይ ሊጭን ሞከረ፤ ልጁ ሾልኮ ማእዘኑ ገባ። ሰውየው እጁ አየር ላይ ቀረ። እጁን እንደዘረጋ፣ በዚያ በሕፃን አገውኛው፣ ተሳስቼ ነበር፣ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ፈትቻለሁ፣ ያውሩት አላት። ሚስቴ ቃሉን ባትሰማም ምን እንደሆነ ገብቷት አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። እናቴ ግን ሰውየውን አየችው። ከዚያ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ባለበት ድምፅዋን አወጣች። ያለችው ለልጁ አይደለም፤ ለእኔ ነው፦

«ይኼንንስ አፉን ማን አሰረው?»

ሰውየው ሰማት። ያቀረብንለትን ጠላ ሳይጨርስ ወደ በሩ እያየ ተቀመጠ።

እንግዲህ ታሪክ የሚወድ ሰው ልጁ ሮጦ መጣ ይል ነበር። አልመጣም። እናቴ በማግስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አወራች፤ ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ድምፅዋም ድሮ የማውቀው አልነበረም፤ ሳይከፈት የቆየ በር ሆኗል፣ ይንቋቋል፣ በመሀል ይቆረጣል። ደግሞ አረጀች። እነዚያን ዓመታት ማን ይመልሳቸዋል? የዳንግላዋ ሴት አትችልም፤ የቻግኒው አይችልም። ሰው እየመጣ፣ ዋናው መታረሙ ነው ይለኛል። ይህን የሚል ሰው የተዘጋ ጀርባ አንኳኩቶ አያውቅም።

እሷ ግን በየጠዋቱ ወጣች። ክረምቱ ገባ፤ በረንዳው ሥር ተጠግታ አወራች። ልጁ መጀመሪያ ጆሮውን ለቀቀ። ከዚያ ከማእዘኑ ወደ በሩ መሀል መጣና እዚያ ቀለበቱን ያሽከረክር ጀመር። እሷ አትጠራውም፤ አትዞርም። አስቸኩላ እንዳታባርረው የነገራት የለም፤ ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ቀርከሃውን በቀስታ ነበር የምሰነጥቀው።

የመጣው ማንም ሳይጠብቀው ነው። ጎረቤታችን ሴትዮ በርጩማ ስባ፣ ከእናቴ ጋር ስለ ዘንድሮ ድንች መበስበስ ያወራሉ። እናቴ እሷን እንጂ ልጁን አላሰበችም። ልጁ ከኋላ መጣ። አድጓል፤ ጀርባው አሁን ከጀርባዋ ይሰፋል። ተቀመጠና ጀርባውን ሰጣት። እናቴ ቃሏ መሀል ላይ ቀረ፤ ጎረቤቲቱ ምን ሆንሽ ብላ አየቻት። ልጁ ጠበቀ። ከዚያ መዳፉን ወደ ኋላ አዙሮ አንኳኳ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ድሮው።

የእናቴ ፊት ወደ እኔ ነበር፤ አየሁት። ምን እንደነበረበት ልጽፈው ሞክሬ ሰርዤዋለሁ። ወደ ኋላ አልዞረችም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ስለ ድንቹ ቀጠለች።